ካናቢስ፣ ጥርጣሬና እንቅልፍ፦ ዛሬውኑ ማቆም ላልቻለ ወጣት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 23 ነው። ካናቢስ ማጨስ የጀመርኩት በ17 ዓመቴ ሲሆን፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ በየማታው ከትምባሆ ጋር ቀላቅዬ አጨሳለሁ፤ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስደኝም። በቅርቡ ካናቢስ የተጨመረበት ብስኩት በላሁና ምንም ስላልተሰማኝ ደገምኩ፤ ከዚያ ልቤ በኃይል መምታት ጀመረ፣ የምሞትም መሰለኝ፣ አጠገቤ ያሉት ሰዎች በእኔ ላይ የሚዶልቱ መሰለኝ። ያ ስሜት በማግሥቱ ቢያልፍም፣ አሁን አሁን ሳላጨስም ሰዎች ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኛል። ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ታማሚ ነው። ጓደኞቼ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ይሉኛል፣ ቤተሰቦቼ «ያሳብዳል» ይሉኛል። እውነቱ የቱ ነው? ወዲያው ማቆም ቢያቅተኝስ ጉዳቱን በምን ልቀንስ?

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ዋናውን መልስ ላስቀድም። ታላቅ ወንድሙ በስኪዞፍሬኒያ ለታመመበት፣ ማጨስን በ17 ዓመቱ ለጀመረና ሳያጨስ በሚውልበት ሰዓት እንኳ ሰዎች ስለ እሱ የሚያወሩ ለሚመስለው ወጣት የምመክረው ካናቢስን ጨርሶ እንዲያቆም ነው። ጉዳትን ስለ መቀነስ ከዚህ በታች የምጽፈው፣ እስኪያቆሙ ድረስ ያለውን ጊዜ በተቻለ መጠን ያለ አደጋ እንዲያልፉት ነው እንጂ ልማዱ በዚያው መልክ እንዲቀጥል አይደለም። ይህን የምለው ላስፈራራዎ ፈልጌ አይደለም። አልፎ አልፎ የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ከባድ ጉዳት ሳይደርስባቸው እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ሆኖም በዚህ ጉዳይ ለሁሉም ሰው እኩል የሚሆን ምክር የለም፤ እርስዎ በጥቂት መስመር የገለጹት ታሪክም ብርቱ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ወገን ያደርግዎታል።

ካናቢስ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው፣ በአንዱም ሰው ላይ ከቀን ወደ ቀን ያን ያህል የተለያየ ስሜት የሚፈጥርበትን ምክንያት በአጭሩ ልግለጽ። በተክሉ ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከ100 በላይ ውህዶች ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ በዋናነት የሚያሰክረው ቲኤችሲ ሲሆን፣ እሱንም በ1964 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ራፋኤል ሜሹላምና ይኺኤል ጋኦኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በእስራኤል ነጥለው አወጡት። በ1988 ቲኤችሲ የሚያርፍበት ተቀባይ በአንጎል ውስጥ ተለየ፤ በ1992 ደግሞ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውና በዚያው ተቀባይ ላይ የሚያርፈው አናንዳማይድ ተገኘ። የነርቭ ሕዋሳት አናንዳማይድን የሚያመነጩት በሚያስፈልግበት ቦታና ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ሥራውም በመካከላቸው የሚተላለፈውን መልእክት ልክ ማስያዝ ነው። ቲኤችሲ ግን ቦታና ጊዜ ሳይለይ አንጎልን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያዳርሳል፣ ለሰዓታትም ይቆያል። ተቀባዮቹ በብዛት ያሉት ትዝታን፣ ፍርሃትን፣ የጊዜ ግምትንና እንቅስቃሴን በሚመሩ የአንጎል ክፍሎች ነው፤ ትንፋሽን በሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ውስጥ ግን ጥቂት ናቸው። ጤናማ አዋቂ ሰው ሄሮይን አብዝቶ እንደወሰደ ሰው በካናቢስ ብዛት ብቻ ትንፋሹ ቆሞ ሲሞት የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ብስኩቱን በበሉ ጊዜ የደረሰብዎ ነገርም ከዚህ ይመነጫል። በጭስ የተወሰደ ቲኤችሲ በደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይወጣል፣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜም አብዛኛው ይበርዳል። የሚያጨስ ሰው ስሜቱን ወዲያው ስለሚያውቀው በቃኝ ማለት ይችላል። የተበላው ግን በመጀመሪያ በአንጀት ተመጥጦ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበትም ከፊሉን ወደ አንጎል በቀላሉ ወደሚገባና ኃይለኛ ወደሆነ ሌላ ውህድ ይለውጠዋል። ስለዚህ ስሜቱ ለመጀመር ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፣ ከተጀመረ በኋላም ስድስት፣ ስምንት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። እርስዎ ምንም እንዳልሠራ ቆጥረው ሁለተኛውን ሲበሉ የመጀመሪያው ገና መንገድ ላይ ነበር። መጠኑ በትክክል በሚታወቅ ዝግጅት ላይ እንኳ ላልለመደ ሰው የሚመከረው መነሻ 2.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ ሲሆን፣ በቤት የተጋገረ ነገር ላይ ግን ከአንድ መጋገሪያ የወጡ ሁለት ብስኩቶች ብዙ እጥፍ የሚለያይ መጠን ሊይዙ ይችላሉ። ቲኤችሲ የልብ ምትን ከ20 እስከ 50 በመቶ ሊጨምር ይችላል፤ ፍርሃትን የሚመራው የአንጎል ክፍል በተነካበት ሰዓት ሰው የልቡን ድለቃ ሲሰማ ልሞት ነው ብሎ ማሰቡ የሚጠበቅ ነው።

እንዲህ ያለ ድንጋጤ ዳግመኛ ቢያጋጥም፣ የሚረዳው ጸጥ ወዳለ ቦታ ገብቶ ከሚያምኑት፣ ዕፅ ካልወሰደ ሰው ጋር መቀመጥ፣ ውኃ መጎንጨት፣ ቀስ ብሎ መተንፈስና ስሜቱ በሰዓታት ውስጥ እንደሚያልፍ ደጋግሞ መስማት ነው። ለማረጋጋት ተብሎ የሚጠጣ አልኮል ነገሩን ያባብሰዋል። የሚበላ ካናቢስን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ እርስዎ ወደ አፍዎ ሊያስገቡት አይገባም። ቤት ውስጥ የተረፈ ካለም ያስወግዱት፤ በአዋቂ ላይ በድንጋጤ የሚያልፈው መጠን እንደ ጣፋጭ ቆጥሮ የበላን ትንሽ ልጅ ራሱን ሊያስተውና ትንፋሹን ሊያዳክመው ይችላል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ያ ምሽት ሳይሆን በጥያቄዎ መጨረሻ አካባቢ የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰክሮ በጥርጣሬ መዋጥና ሳይሰክሩ መጠራጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቲኤችሲ ከሰውነት ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ በጤነኛ ሰውም ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ በተለይ እየተደጋገመ ሲሄድና ሰው ነገሩን ለራሱ ማስተባበል እየከበደው ሲመጣ፣ ሳይኮሲስ ብለን የምንጠራው ከእውነታ የመለያየት ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ማለቴን ልብ ይበሉ፤ እንዲህ ያለ ቀላል ጥርጣሬ ከሚታይባቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ወደ ሙሉ ሕመም አይደርሱም። ሆኖም ይህን መለየት የሚቻለው ባለሙያ ቀርቦ ሲያይዎት እንጂ በጽሑፍ አይደለም።

«ያሳብዳል» የሚለው የቤተሰብዎ ቃል የሻከረ ቢሆንም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ1987 የወጣ አንድ የስዊድን ጥናት ከ45 ሺህ በላይ ለውትድርና የተመለመሉ ወጣቶችን ለ15 ዓመታት ያህል ተከታትሎ፣ በምልመላው ጊዜ ካናቢስን ከ50 ጊዜ በላይ ተጠቅመናል ያሉት ስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ስድስት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘው። በእርግጥ ሌሎች ምክንያቶች በስሌቱ ሲገቡ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት በአውሮፓና በብራዚል በሚገኙ 11 ቦታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይኮሲስ የታመሙ ሰዎችን ካልታመሙ ጋር አነጻጽሮ፣ በየቀኑ የሚጠቀሙት ፈጽሞ ካልተጠቀሙት ይልቅ ከሦስት እጥፍ በላይ፣ የቲኤችሲ መጠኑ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን በየቀኑ የሚወስዱት ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል ለሕመሙ የተጋለጡ ሆነው እንዳገኛቸው ዘግቧል። ለስኪዞፍሬኒያ የሚያጋልጥ ዘር ያላቸው ሰዎች ካናቢስንም ይበልጥ የመጠቀም ዝንባሌ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ግንኙነቱ ሁሉ ከካናቢስ የመጣ ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም፤ መጠኑና ድግግሞሹ ሲጨምር አደጋውም መጨመሩ ግን ካናቢሱ ራሱ ድርሻ እንዳለው አጥብቆ ያመለክታል።

እዚህ ላይ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ስሌት አለ። እጥፍ የሚባለው ነገር ትርጉም የሚኖረው መነሻው ሲታወቅ ነው። በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ በሕይወት ዘመኑ ስኪዞፍሬኒያ የሚይዘው ሰው ከ100 አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ስለዚህ ይህ ቁጥር በሦስት ቢባዛም ከ100 ሰዎች 97ቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት አይታመሙም። የጓደኞችዎ እርግጠኝነት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ በዙሪያቸው ሲያጨስ የታመመ ሰው አላዩም። ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመበት ሰው ግን መነሻው ከ100 ወደ 9 ወይም 10 ይጠጋል። በዚህ መነሻ ላይ የሚጨመር ማንኛውም ነገር ከጓደኞችዎ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንዱን ጥቅል ብትቀባበሉ እንኳ እኩል አደጋ አትካፈሉም። የጀመሩበት ዕድሜም በዚህ ላይ ይታከላል። አንጎል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ግንኙነቶቹን እያስተካከለ ይቆያል፤ በዚህ ወቅት አዘውትሮ መጠቀም ትኩረትንና ትዝታን እንደሚያዳክም፣ ሱስ የመሆን ዕድልንም እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። በሌላ በኩል ተስፋ የሚሰጠው ነገር፣ ካቆሙ በኋላ ባሉት ሳምንታት የትኩረትና የትዝታ ችግሩ በአብዛኛው እየተሻሻለ መሄዱ ነው።

«ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያቆየንም። ከተፈጥሮ መገኘት ለጉዳት አለመዳረግ ማስረጃ አይሆንም፣ ዛሬ የሚሸጠውም የቀድሞው ተክል አይደለም። ለምሳሌ በአሜሪካ በቁጥጥር ሥር ከዋለው ካናቢስ ውስጥ የቲኤችሲ መጠን በ1995 በአማካይ 4 በመቶ ያህል የነበረው በ2014 ወደ 12 በመቶ አድጓል፤ ተጨምቀው የሚወጡ ዝግጅቶች ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ ሊይዙ ይችላሉ። የቲኤችሲን አንዳንድ ውጤት ያለዝባል ተብሎ የሚገመተው፣ ሲቢዲ የተባለው ሌላ የተክሉ ካናቢኖይድ በእነዚህ ኃይለኛ ዓይነቶች ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በደረቅ ቅጠል ላይ የሚረጭ ሰው ሠራሽ ካናቢኖይድ ነው፤ ተቀባዩን ከቲኤችሲ በበለጠ ኃይል ስለሚያነቃቃ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ፣ ከባድ ቅዠትና ሞት አስከትሏል። ከለመዱት የተለየ ሽታ ወይም ያልተለመደ ጉልበት ያለውን ምርት አይንኩ።

ስለ እንቅልፍዎ የጻፉት በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። ቲኤችሲ በመጀመሪያ እንቅልፍን እንደሚያፋጥን እውነት ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሲወሰድ አንጎል የተቀባዮቹን ቁጥር ይቀንሳል፣ መጠኑም ማደግ ይጀምራል፤ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍልም ያሳጥራል። አንድ ሌሊት ሳያጨሱ ሲተኙ እንቅልፍ እምቢ ማለቱ፣ ላብ ማላቡና ሕልሙ መብዛቱ ካናቢስ መድኃኒትዎ ለመሆኑ ማስረጃ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ራሱ ካናቢሱ የፈጠረው የማቋረጥ ምልክት ነው። ካናቢስን ከሞከሩ ሰዎች ሁሉ በሱስ የሚያዙት ከ10 አንዱ ያህል ሲሆኑ፣ በጉርምስና ዕድሜ ከጀመሩት ግን ከስድስቱ አንዱ ገደማ፣ በየቀኑ ከሚጠቀሙት ደግሞ ከዚያ የበለጡ ናቸው። የእርስዎ ከትምባሆ ጋር መቀላቀል ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ማታ ማታ የሚጠራዎ ካናቢሱ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ኒኮቲንም የራሱን ሱስ እያበጀ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ማቆም ካልቻሉ ከዚህ ይጀምሩ፤ ከትምባሆ ጋር መቀላቀልን ያቁሙ። የኒኮቲን ፍላጎቱ ካስቸገረዎ በሐኪም ወይም በፋርማሲ ባለሙያ ምክር የኒኮቲን ፕላስተር ወይም ማስቲካ መጠቀም ይቻላል። ቀጥሎ ኃይለኛውን ዓይነት በደካማው ይተኩ፤ ከቀየሩ በኋላ ግን መጠኑን በማብዛት እንዳያካክሱት ይጠንቀቁ። በየማታው የነበረውን በመጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለሉ ወደ መውሰድ፣ ከዚያ በሳምንት ወደ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማውረድ ከአደጋው ብዙውን ይቀንሳል፤ ከተግባራዊ ምክሮች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። የሚያጨሱበትን ሰዓት በየጥቂት ቀኑ በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ማዘግየትና ገና ሳይጀምሩ የምሽቱን መጠን ለይቶ ሌላውን ከቤት ማራቅ ይረዳል። ጭሱን በሳንባ ውስጥ አፍኖ ማቆየት ብዙዎች የሚያደርጉት ልማድ ቢሆንም፣ ቲኤችሲው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ስለሚመጠጥ ትርፉ ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ነው። ደረቁን ቅጠል ሳያቃጥል የሚያሞቅ መሣሪያ የጭሱን ጉዳት ይቀንሳል፣ በአእምሮ ላይ ያለውን አደጋ ግን አይቀንስም። ምንጩ ካልታወቀ፣ በኤሌክትሮኒክ ማጨሻ ከሚተነን የካናቢስ ዘይት ግን ይራቁ፤ በ2019 በአሜሪካ ከዚህ ዓይነት ምርት ጋር በተያያዘ የሳንባ ጉዳት፣ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ በዘይቱ ላይ የሚጨመር ንጥረ ነገር ዋነኛ ተጠርጣሪ በሆነበት፣ ከ2,800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል፣ 68 ሰዎችም ሞተዋል።

አልኮልን ከካናቢስ ጋር አንድ ላይ አይውሰዱ። አልኮል የቲኤችሲን በደም ውስጥ መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ በማሽከርከር ላይ የሚፈጥሩት ጉዳት ከእያንዳንዳቸው የበለጠ ነው። ካጨሱ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ከበሉ በኋላ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ መኪናም ሆነ ሞተር ብስክሌት አይንዱ፤ ሰው ደህና ነኝ ብሎ በሚያስብበት ሰዓት የምላሽ ፍጥነቱ ገና ያልተመለሰ ሊሆን ይችላል። የወንድምዎን መድኃኒት ለመረጋጋትም ሆነ ለእንቅልፍ ብለው በፍጹም እንዳይወስዱ፤ ወንድምዎም የሚያጨስ ከሆነ ለሐኪሙ ይናገር፤ የካናቢስም ሆነ የትምባሆ ጭስ ለስኪዞፍሬኒያ እንደሚሰጠው ክሎዛፒን ያሉ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወገዱበትን ፍጥነት ስለሚጨምር፣ ማጨስ መጀመርም ሆነ በድንገት ማቆም የመድኃኒቱን ልክ ያዛባል።

ማቆሙን በተመለከተ፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ከመጨረሻው ማጨስ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ንዴት፣ ጭንቀት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፣ አብዛኛው በሁለት ሳምንት ገደማ ያልፋል። ጉልህ የሆነ ሕልምና የተቆራረጠ እንቅልፍ ግን አንድ ወርና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ ሰው ተመልሶ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፣ «ሁለት ሳምንት ታገሥኩ፣ እንቅልፌ ግን አልተመለሰም» በማለት። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ ቀን አለመተኛት፣ ከሰዓት በኋላ ቡና አለመጠጣት፣ እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ ከመገላበጥ ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥ ነው። ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ከክኒን ይልቅ ዘላቂ ውጤት አለው። ለካናቢስ ሱስ ራሱ እስካሁን የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ የሚሠራው ፈተና የሚበዛበትን ሰዓትና ቦታ ለይቶ ሌላ ምላሽ የሚያስተምር የባህርይና የአስተሳሰብ ሕክምና ነው። አንድ ጊዜ አቁሞ መመለስ የተለመደ ስለሆነ እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት፤ ከተመለሱ ግን በቀድሞው መጠን አይጀምሩ፣ መላመዱ ስለሚቀንስ ያው መጠን ይበልጥ ይመታዎታል።

ከአእምሮ ሐኪም ጋር መገናኘት ያለብዎ ካቆሙ በኋላ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት ነው። ሲሄዱ ጥርጣሬው መቼ እንደሚመጣ፣ ሳያጨሱ ስንት ቀን በቆዩበት ወቅት እንደታየ፣ ድምፅ ይሰሙ እንደሆነ፣ በቴሌቪዥን ወይም በስልክ ለእርስዎ ብቻ የተላከ መልእክት ያለ ይመስልዎ እንደሆነ፣ ከሰው መራቅ ጀምረው እንደሆነ ጽፈው ይያዙ፤ የወንድምዎን ሕመምና የካናቢሱን መጠን ሳይደብቁ ይናገሩ። ከቤተሰብ አንድ የሚያምኑትን ሰው ይዘው ቢሄዱ ይበጃል፤ ታማሚው የማያስተውለውን ለውጥ አብሮት የሚኖረው ሰው ያያልና። ካናቢስ በወሰዱ ሰዎች ላይ ሳይኮሲስ ሲከሰት፣ ከእነዚህ ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ገደማ በኋላ የስኪዞፍሬኒያ ወይም ተመሳሳይ ሕመም ምርመራ ይሰጠዋል፤ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ መሆኑ፣ ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ ማጨሱን የቀጠሉትም ይበልጥ የሚያገረሽባቸው መሆኑ በሚገባ ይታወቃል።

ድምፅ መስማት ከጀመሩ፣ ጥርጣሬው በአንድ ሰው ላይ ተተክሎ ራስዎን ለመከላከል እርምጃ መውሰድ ካሰኘዎ፣ ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ፣ ወይም ስሜቱ ከወሰዱ ከአንድ ቀን በኋላም ካልለቀቀዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የደረት ሕመም፣ ራስ መሳትና መንፈራገጥም እንዲሁ ናቸው። ለወራት አዘውትረው በሚያጨሱ ሰዎች ላይ የሚታይ፣ በሙቅ ውኃ ሲታጠቡ ብቻ ፋታ የሚሰጥ ተደጋጋሚ ትውከትም አለ፤ ይህ በ2004 በአውስትራሊያ የተገለጸ ሕመም ሲሆን መፍትሔው ካናቢስን ማቆም ነው፣ በትውከቱ ብዛት የሰውነት ፈሳሽ ካለቀ ግን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ሆስፒታል መግባት ያስፈልጋል። በማንኛውም ሁኔታ ለሐኪሙ ምን እንደወሰዱና መቼ እንደወሰዱ በግልጽ ይንገሩት፤ የሚሰጥዎትን መድኃኒት የሚመርጠው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው።